የራሳችሁ ዓመት ሲመጣ፦ ከአንዲት የባሕር ዳር ፈረስ

ፈረስ ነኝ። ሚያዝያ 1982 ዓ.ም. እዚሁ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ተወለድኩ። ቻይናዎች ዓመታትን በተራ በ12 እንስሳት ስም ይጠራሉ፤ በእነሱ ቆጠራ የተወለድኩበት ዓመት የፈረስ ነበር፣ ዘንድሮም የፈረስ ዓመት ነው። ይሄን ስናገር ሰው ሁሉ «እሰይ፣ ዓመቱ ያንቺ ነዋ!» ይለኛል። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ቻይናዎች የራስህ እንስሳ ዓመት ሲመጣ እንኳን ደስ ያለህ አይሉም። ጠንቀቅ በል ነው የሚሉት።

ስሙ «ቤንሚንግ ኒየን» ነው። የራስ ዕጣ ዓመት እንደማለት። በ12፣ በ24፣ በ36፣ በ48፣ በ60 ዓመት ላይ ይመጣል። እኔ የመጀመሪያውን ሳላውቀው አሳለፍኩ። ሁለተኛውን እጄ ተሰብሮ አሳለፍኩ። አሁን ሦስተኛው ላይ ነኝ። እና ስለ አያያዙ የማወራው ነገር አላጣም።

ያስተማሩኝ ሺፉ ናቸው። «ሺፉ» ስም አይደለም፤ በቻይንኛ ባለሙያ፣ የሥራው አዋቂ ማለት ነው። በ2006 ዓ.ም. ከከተማው ወጣ ብሎ በነበረ የመንገድ ሥራ ካምፕ ውስጥ የዕቃ ግምጃ ቤት ረዳት ነበርኩ። ጓንት፣ ቦቲ፣ ብሎን እቆጥራለሁ። ሺፉ ደግሞ የካምፑ ወጥ ቤት አለቃ ነበሩ። ጥር ሊያልቅ ሲል አንድ ጠዋት ለዘይት ፈርመው ሲወጡ ሱሪያቸውን ከቁርጭምጭሚታቸው ከፍ አደረጉት። ካልሲያቸው ቀይ ነው። በርበሬ ቀይ። ጣታቸውን ወደ እኔ እግር ቀስረው «አንቺስ?» አሉኝ። ዕድሜዬን ቀደም ብለው ጠይቀውኝ ነበር። እሳቸው 48 ሊሞሉ፣ እኔ 24 ልሞላ። ሁለታችንም ፈረስ።

ሳቅሁ። ቅዳሜ ገበያ ወጣሁና ለራሴ ሁለት ጥንድ ቀይ ካልሲ ገዛሁ። የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። ስንደርስበት እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ እንስሳችሁን አትሳቱ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ኢንተርኔት ላይ ያለው ሰንጠረዥ ሁሉ በፈረንጅ ዓመት የተሠራ ነው። እኛ ደግሞ የምናውቀው የራሳችንን ነው። ስንቀይር እንሳሳታለን። እኔ የምጠቀምበት ዘዴ ቀላል ነው። የተወለዳችሁበትን ዓመት በእኛ አቆጣጠር ውሰዱ። ለ12 አካፍሉት። የሚተርፈውን ቁጥር እዩ። ምንም ካልተረፈ ድራጎን ናችሁ። 1 ከተረፈ እባብ፣ 2 ፈረስ፣ 3 ፍየል፣ 4 ጦጣ፣ 5 አውራ ዶሮ፣ 6 ውሻ፣ 7 አሳማ፣ 8 አይጥ፣ 9 በሬ፣ 10 ነብር፣ 11 ጥንቸል። የኔን እዩት፦ 1982 ለ12 ሲካፈል 165 ጊዜ ደርሶ 2 ይተርፋል። ፈረስ።

ግን አንድ ነገር አለ። የቻይናዎች ዓመት የሚለወጠው በጨረቃ ነው። ቀኑ ከዓመት ዓመት ይንቀሳቀሳል። በእኛ ሲታይ ከጥምቀት ማግስት እስከ የካቲት አጋማሽ ባለው ጊዜ ውስጥ ይወድቃል። ስለዚህ ከመስከረም እስከ ጥምቀት የተወለደ ሰው ከዓመቱ ላይ አንድ ቀንሶ ያካፍል። ከየካቲት አጋማሽ እስከ ጳጉሜን የተወለደ ዓመቱን እንዳለ ይውሰድ። በመሃል ያለው ግን ትክክለኛ ቀኑን ማየት አለበት።

ለፈረሶች ሥራውን ላቅልላችሁ። የፈረስ ዓመት የገባው በ1958 ጥር 13፣ በ1970 ጥር 30፣ በ1982 ጥር 19፣ በ1994 የካቲት 5፣ በ2006 ጥር 23 ነው። የዘንድሮው የካቲት 10 ቀን 2018 ገባ። የሚያልቀው ጥር 28 ቀን 2019 ነው።

ጎረቤቴ ጥር 12 ቀን 1982 ነው የተወለደችው፣ በቃና ዘገሊላ። ዓመታችን አንድ ስለሆነ ፈረስ ነኝ ብላ ከእኔ ጋር ልትጠነቀቅ ተዘጋጅታ ነበር። ቁጭ ብለን ስናሰላው እባብ ሆና ተገኘች። የሷ ዓመት ጥር 21 ቀን 2017 ገብቶ የካቲት 9 ቀን 2018 አልቋል። መላ ዓመቱን ሳታውቀው፣ ቀይ ሳትለብስ፣ ምንም ሳትሆን አልፋዋለች። እንዲያውም በዚያው ዓመት ነው ልጇን የወለደችው። ይሄን ልብ በሉት፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

የልደት ቀን በውል የማይታወቅበት ቤትም አለ። እናቴን መቼ ነው የወለድሽኝ ብትሏት «ፋሲካ ያለፈ ሰሞን፣ በዘመነ ማርቆስ» ነው የምትለው። ድሮ እበሳጭ ነበር። አሁን ግን ይሄ ራሱ ጥሩ ፍንጭ እንደሆነ ደረስኩበት። የእኛ ወንጌላውያን በየ4 ዓመቱ ይዞራሉ። የነሱ እንስሳት በየ12 ዓመቱ። 12 ደግሞ ለ4 እኩል ይካፈላል። ስለዚህ ፈረስ ሁልጊዜ የሚገባው በማርቆስ ነው። በ1982 ማርቆስ ነበር፣ በ2006 ማርቆስ ነበር፣ ዘንድሮም ማርቆስ ነው። አንድ ወረቀት ላይ አስቀመጥኩት። በዘመነ ማቴዎስ የሚገቡት በሬ፣ እባብና አውራ ዶሮ ናቸው። በማርቆስ ነብር፣ ፈረስና ውሻ። በሉቃስ ጥንቸል፣ ፍየልና አሳማ። በዮሐንስ አይጥ፣ ድራጎንና ጦጣ።

ወረቀቱን ፎቶ አንስቼ ለሺፉ በዊቻት፣ ቻይናዎች በሚጻጻፉበት የስልክ መተግበሪያ፣ ላክሁላቸው። ወንጌላውያኑን አያውቋቸውም። እንስሳቱን ግን አይተው ተደነቁ። ለካ በእነሱም ዘንድ እነዚህ ሦስት ሦስቱ አንድ ቡድን ናቸው። እርስ በርስ ይስማማሉ፣ ለትዳርም ለንግድም ይመረጣሉ ይባላል። በ4 ዓመት የሚራራቁ ሰዎች ይዋደዳሉ ነው ነገሩ። እኛ ደግሞ የአንድ ወንጌላዊ ልጆች እንላቸዋለን። ስለዚህ እናታችሁ ወንጌላዊውን ካስታወሰች ከ12ቱ እንስሳት 3 ብቻ ይቀራሉ። ከሦስቱ መምረጥ ደግሞ አይከብድም። ያው ከመስከረም እስከ ጥምቀት የተወለደ ወደ ቀደመው ወንጌላዊ አንድ ወደ ኋላ ይመለስ።

ምኑ ነው የሚያስፈራው?

በአጭሩ ላስረዳ። በየዓመቱ አንድ ሹም አለ ይላሉ። ታይ ሱይ ይባላል። ብዛታቸው 60 ነው፤ 12ቱ እንስሳት ከ5ቱ ባሕርያት፣ ማለትም ከእንጨት፣ ከእሳት፣ ከአፈር፣ ከብረትና ከውኃ ጋር እየተጣመሩ 60 ዓመት ሲሞላ ዙሩ ያልቃል። ነገሩ መነሻው ከጁፒተር ጋር የተያያዘ ነው። ጁፒተር ፀሐይን ለመዞር 12 ዓመት ግድም ይፈጅበታል። የጥንት ቻይናዎች ሰማዩን በ12 ከፍለው የሱን አካሄድ ይከተሉ ነበር። በራሳችሁ ዓመት ሹሙ እናንተ ቤት ገብቶ ተቀመጠ ማለት ነው። ሹም እቤታችሁ ሲያርፍ ምን እንደሚሆን የሀገራችን ሰው አይጠፋውም። በጉ ይታረዳል፣ ጠጁ ይወርዳል፣ ባለቤቱ በገዛ ቤቱ በእግር ጣቱ ይሄዳል።

አንድ አባባል አላቸው። ታይ ሱይ በራስ ላይ ሲቀመጥ፣ ደስታ ከሌለ መከራ አይቀርም ይላል። ይሄን ለእናቴ ስነግራት ወዲያው መለሰችልኝ። «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።» እና ወደ እንዝርቷ ተመለሰች።

የሚነካው ባለ ዓመቱን ብቻ አይደለም። በ6 ዓመት ርቀት ትይዩ ያለው እንስሳም አብሮ ይነካል። በፈረስ ዓመት አይጦችም ይጠንቀቁ ይባላል። በሬና ጥንቸልም በመጠኑ። እንዲህ እያለ ሲሰፋ ግማሽ ከተማ ሊጠነቀቅ ነው። እኔ እዚያ ውስጥ አልገባም።

ዘንድሮ የሚወራው ደግሞ ፈረሱ የእሳት ፈረስ ስለሆነ ነው። የእሳት ፈረስ በ60 ዓመት አንዴ ነው የሚመጣው። ያለፈው በ1958 ነበር። ያን ዓመት ጃፓን ውስጥ የሆነውን ስሰማ ገርሞኛል። የእሳት ፈረስ ሴት ባሏን ትጎዳለች የሚል ወሬ አለ እዚያ። ስለዚህ ሰው ልጅ መውለዱን ተወው። በፈረንጅ 1965 ወደ 1.82 ሚሊዮን ልጅ ተወልዶ ነበር። በ1966 ወደ 1.36 ሚሊዮን ወረደ። በነጋታው ዓመት እንደገና ተመለሰ። ወሬ እንዲህ ነው የሚያደርገው። እኔ በበኩሌ የብረት ፈረስ ነኝ። ባል የለኝም፣ የሚጎዳም የለም።

ቀይ፦ ምን፣ መቼ፣ በተለይ ከማን

ዋናው መከላከያ ቀይ ነው። ቀይ ፓንት፣ ቀይ ካልሲ፣ ቀይ ቀበቶ፣ ወይም እጅ ላይ የሚታሰር ቀይ ክር። የሚጀመረው በዓመቱ ዋዜማ ማታ ነው። ሰው እንዲያየው ግድ አይደለም። እንዲያውም አብዛኛው ከውስጥ ነው የሚለበሰው። ስለዚህ ቢሮ የምትሠሩ አትሳቀቁ።

አሁን ወደ ስህተቴ። ቀዩን ለራስህ አትገዛም። ሌላ ሰው ነው የሚሰጥህ፤ ወላጅ፣ የትዳር ጓደኛ፣ ታላቅ ወንድም ወይም እህት፣ ወዳጅ። ራሴ ገዝቼ የለበስኩትን ካልሲ ለሺፉ ላሳያቸው ወጥ ቤት ድረስ ሄድኩ። «ማን ሰጠሽ?» አሉ። «ገዛሁ» አልኩ። ሽንኩርት መክተፊያ ቢላቸውን አስቀመጡና ራሳቸውን ነቀነቁ። «የገዛሽው ካልሲ ነው። የተሰጠሽ ነው ቀይ።» አማርኛቸው ሁልጊዜ እንዲህ አጭር ነው። የሳቸውን ሚስታቸው ከቻይና፣ ከሄናን ልካላቸው ነበር፣ ከሁለት ወር በፊት፣ በሚመጣ ሰው እጅ።

ያኔ ነገሩ የጨዋታ ሕግ መሰለኝ። አሁን ግን የዚህ ልማድ ፍሬ ነገሩ እዚህ ላይ ነው እላለሁ። ቀዩን ለማግኘት መጀመሪያ ለሰው መናገር አለባችሁ። «ዘንድሮ ዓመቴ ነው፣ ትንሽ ፈራሁ» ማለት አለባችሁ። ይሄን ማለት ለኛ ሰው ቀላል አይደለም። በተለይ ለወንዶች።

ዘንድሮ እኔ ለእናቴ ነገርኳት። እንዴት እንደሆነ በዝርዝር ልንገራችሁ፣ ይጠቅማችኋል።

ዋዜማው የካቲት 9 ዋለ። ሰኞ፣ የዐቢይ ጾም መግቢያ። ትናንት ቅበላ ተብሎ ሥጋ የተበላበት ቤት ዛሬ ሽሮ ሸቷል። ገብቼ «እማዬ፣ ቀይ ነገር ስጪኝ» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። «ቀይ? ማነው ቀይ ያዘዘሽ?» እኛ ቤት ቀይ አዘዘኝ የሚል ካለ ዛር ነው፤ ቀይ ዶሮ፣ ገብስማ ዶሮ የሚባለው ዓይነት። ደነገጠች። ስለ ቻይናዎቹ አስረዳኋት። ስለ ካልሲው፣ ስለ ሺፉ። «በጾም መግቢያ የኮከብ ቆጠራ!» አለች። ማተቤን በዓይኗ ፈለገችው። አለ። ትንሽ ተረጋጋች። «አንገትሽ ላይ ክር አለልሽ፣ ሌላ ክር ምን ይሠራልሻል?» ልክ ነች። መልስ አልነበረኝም። ሽሮዬን በልቼ ሄድኩ።

ሐሙስ ዕለት ሱቄ መጣች። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ካምፑ ከተዘጋ በኋላ የተማርኩት ሙያ ነው። ከነጠላዋ ጫፍ ቋጠሮ ፈትታ አንድ ቁራጭ ጥለት አወጣች። ቀይ። አክስቴ ለሰርጓ ካሠራችው ቀሚስ የተረፈ ነው። መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ አኖረችው። «ይሄ ለእንስሳው አይደለም» አለችኝ። «ወገብሽን እንዳይበርድሽ ነው።»

ከዋዜማው ሦስት ቀን ዘግይቷል። ለሺፉ ጻፍኩላቸው፣ ይቆጠራል ወይ ብዬ። «እናት ከሆነች ይቆጠራል» አሉኝ።

እንዴት እንደሚሰፋም ልንገራችሁ፣ ሙያዬ ነውና። ቀይ ጨርቅ ብዙ ጊዜ ቀለሙን ይለቃል፣ ርካሹ ደግሞ ይብሳል። ከመስፋታችሁ በፊት ጥጉን ለብ ባለ ውኃ አርጥባችሁ በነጭ እራፊ ጨምቁት። እራፊው ከቀላ ጨርቁን በቀዝቃዛ ውኃ አሳድሩት፣ ደጋግማችሁም እጠቡት። አለዚያ ዓመቱን ሙሉ ወገባችሁ ሐምራዊ ሆኖ ይከርማል። የኔ ጥለት ደህና ነበር። የጥቁር ሱሪዬን ወገብ ከውስጥ በኩል ፈታሁት። ጥለቱን ለሁለት አጥፌ በእጅ መርፌ አያያዝኩት። ከዚያ መኪናው ላይ ከላይ ጥቁር ክር፣ ከታች ቦቢኑ ላይ ቀይ ክር አደረግሁ። እንዲህ ሲሆን ከውጭ ስፌቱ አይታይም፣ ከውስጥ ደግሞ ቀይ በቀይ ላይ ይተኛል። አሁን ደንበኛ ሲያበሳጨኝ አውራ ጣቴን ወገቤ ውስጥ ሸጎጥ አደርጋለሁ። እዚያ አለ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። በቴሌግራም ቀይ አምባር፣ «የዕድል መክፈቻ» እያሉ የሚሸጡ አሉ። አንዷን ደንበኛዬን ለአንድ ክር የጠየቋት ገንዘብ የእኔን የሦስት ቀን ገቢ ያክላል። ክር ነው። የፈትል ክር። የሚሰጣችሁ ሰው ካለ ማንኛውም ቀይ ክር ይሆናል። የሚሰጣችሁ ከሌለ ደግሞ የተገዛው ምንም አይጨምርም፣ በራሳቸው በቻይናዎቹ ሕግ እንኳ።

ምን ይደረግ፣ ምን ይቆይ

የተለመደው ምክር ትልልቅ ነገር አታንሱ ነው። ሥራ አትቀይሩ፣ ቤት አትልቀቁ፣ ብዙ ገንዘብ አንድ ቦታ አታውሉ። ታይ ሱይ ባለበት አቅጣጫም አትቆፍሩ። በፈረስ ዓመት አቅጣጫው ደቡብ ነው። ይሄን በካምፑ ጊዜ ሺፉ ሲነግሩኝ ሁለታችንም በመስኮት ወደ ውጭ አየን። ኤክስካቫተሩ ወደ ደቡብ እየቆፈረ ነበር። «ለእሱ ማን ይንገረው?» ብለው ሳቁ።

እውነቱን ልናገር። ዓመት ሙሉ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ለደሃ አይሆንም። እኔ ዘንድሮ ሁለተኛ የስፌት መኪና ያስፈልገኛል። ለፈረሱ ብዬ እስከ ጥር 2019 አልጠብቅም። ያደረግኩት ምንድነው፣ በዱቤ ከመውሰድ ተቆጠብኩ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዳይሆንብኝ። ያገለገለ አገኘሁ፣ ብቻዬንም አልወሰንኩም። መካኒክ የሆነው ወንድሜ መጥቶ መዘውሩን በእጁ አዙሮ፣ ጆሮውን አስጠግቶ አዳምጦ «አትግዢው» አለኝ። ሁለተኛውን አይቶ «ይሄን» አለኝ። ዘንድሮ የያዝኩት ደንብ ይሄው ነው። ከደንበኛ ቀሚስ በላይ ዋጋ ያለው ነገር ከመወሰኔ በፊት ለአንድ ሰው እነግራለሁ።

በ2006 ይሄ አልነበረኝም። ሐምሌ ላይ ዝናብ እየጣለ ባጃጅ ተሳፈርኩ። ሾፌሩ ፍሬኑ እንደማይዝ እየሳቀ ነገረኝ። አልወረድኩም። ቁልቁለቱ ላይ ተገለበጥን። የቀኝ እጄ አንጓ ተሰበረ። መጀመሪያ ወጌሻ ጋ ሄድኩ፣ ከዚያ ሆስፒታል። ኅዳር 2007 ላይ ደግሞ፣ የፈረሱ ዓመት ገና ሳያልቅ፣ ዘጌ ስንሻገር ስልኬን ጣና ውስጥ ጣልኩት። ፎቶ ላነሳ ከጀልባው ወጣ ብዬ ነበር። ቀስ እያለ ሲሰምጥ መብራቱ እስኪጠፋ ድረስ ያየሁት ይመስለኛል። አሁን አምባዛ ይደዋወልበት ይሆናል። ቀይ ካልሲዬን ሁለቱንም ቀን አድርጌው ነበር። ፈረሱን አልወቅስም። ፍሬን የለውም እየተባልኩ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ።

ሌላ የወደድኩት ዘዴ አለ። የሆንግ ኮንግና የታይዋን ሰዎች በዚህ ዓመት ደም መፍሰሱ ካልቀረ ቀድመን በፈቃዳችን እናፍስሰው ይላሉ። ደም ይለግሳሉ። ወይም ጥርሳቸውን ያስጠርጋሉ፣ ድድ መድማቱ ስለማይቀር። ከፋሲካ በኋላ ሄጄ ደም ሰጠሁ። ለስላሳ ጠጥቼ፣ ጥጥ ክንዴ ላይ ተለጥፎልኝ ወጣሁ። ከሁሉም ምክር ይሄኛው ማንንም አይጎዳም። ዓመታችሁ ባይሆንም አድርጉት።

ደስታ ካለ መከራው ይሸሻል የሚለውም አለ። ለዚህ ሲሉ ሰርጋቸውን በዚያው ዓመት የሚያደርጉ አሉ። በዚህ ዓመት ማግባት ነውር ነው የሚሉም አሉ። ሁለቱንም ከቻይናዎች አፍ ሰምቻለሁ። እባቧ ጎረቤቴ ትዝ ትበላችሁ፤ በዓመቷ ወለደች፣ ደስታው ቤቷን ሞላው። አስልታ አይደለም። እኔ የምመርጠው የደስታውን ወገን ነው። ሰርግ ባይኖርም አነስ ያለ ድግስ አይጠፋም። ሚያዝያ ላይ ጾሙ ከተፈታ በኋላ ለ36ኛ ዓመቴ የሰፈር ሰው ጠርቼ ቀረሶ ዓሣ ጠበስኩ። በሐይቁ ዳር፣ ዘንባባው ሥር። እናቴ ዳቦ ደፍታ መጣች።

ቤተ መቅደስ መሄድም አለ። ቤጂንግ ውስጥ ባይዩን ጓን በሚባለው የዳኦ ቤተ መቅደስ የ60ዎቹ ታይ ሱይ ሐውልቶች የቆሙበት አዳራሽ አለ። ሰው የዓመቱን ሹም ፈልጎ እጅ ይነሳል። ዓመቱ ሲያልቅ ደግሞ ተመልሶ ያመሰግናል። እኔ ባለማተብ ነኝ፤ ይሄ የእኔ አይደለም። ዓመቱ ሲያልቅ ማመስገን የሚለውን ግን ወስጃለሁ። ጥር 28 ቀን 2019 ላይ ጥለቱን ከሱሪዬ ፈትቼ ለእናቴ እመልስላታለሁ። ነግሬያታለሁ። «አጥበሽ አምጪው» ብላኛለች።

የሺፉ መቀነት

ሺፉ አሁን ጡረታ ወጥተው ሄናን ናቸው። ዘንድሮ 60 ሞሉ። የእሳት ፈረስ ሆነው ተወለዱ፣ የእሳት ፈረስ ተመልሶ መጣባቸው። ሙሉው ዙር ማለት ነው፣ እንስሳውም ባሕርይውም አንድ ላይ። ሚስታቸው ከሦስት ዓመት በፊት አርፈዋል። ታኅሣሥ ላይ «ዓመታችን እየመጣ ነው» ብለው ሲጽፉልኝ ካልሲውን ማን እንደሚሰጣቸው ልጠይቅ አልኩና ተውኩት።

ቀይ ፖፕሊን ቆረጥኩ። በቀዝቃዛ ውኃ አሳደርኩት። ወርዱን አንድ ስንዝር አድርጌ ለሁለት አጥፌ ሰፋሁት። ጫፍና ጫፉ ላይ ከእናቴ ጥለት ሁለት ጣት የሚያህል ቆርጬ ጨመርኩበት። መቀነት ሆነ። የነሱ ቀይ ቀበቶና የእኛ መቀነት ያው ናቸው። ለዕቃ ጓንግዡ የሚመላለስ አንድ ነጋዴ ደንበኛ አለኝ፤ ከዚያ በፖስታ ላከልኝ። ከዋዜማው ዘግይቶ ቢሆንም ደረሰ።

ፎቶ ላኩልኝ። ሹራባቸውን ከፍ አድርገው ወገባቸውን ያሳያሉ። ቀጥነዋል። መቀነቱ ሦስት ጊዜ ዞሮ ጫፉ አሁንም ይንጠለጠላል። የድሮውን ወገባቸውን አስቤ ነው ለካ የቆረጥኩት። ልኩን በሜትር ለክተው ይላኩልኝ፣ ሌላ እሰፋለሁ ብዬ ጻፍኩ።

«ተይ» አሉኝ። «እዚያ ወጥ ቤት ሳለሁ ይሞላ ነበር። እበላለሁ።»